ሁለት ነጥብ

ከሳሙና በር ዝቅ ሲል፣ የኔ ጠባብ ሱቅ፣
ኮምፒዩተር ስጠግን፣ ደጄ ዝናብ ሲወድቅ፣
አቶ አዛናው ሙጬ፣ የፍርድ ቤት ደጅ ጸሐፊ፣
ጃንጥላ አጥፈው ገቡ፣ ከዝናብ ተራፊ።

«ልጄ፣ ይህ መስኮት ዓይኔን እያቃጠለው፣
ፊደሉ ጉንዳን ነው፣ ነጩ እንደ ኖራ ነው።
አርባ ዓመት ጽፌያለሁ፣ በቀለም በብዕር፣
ዛሬ ሕጉም ገባ፣ ከዚህ ኮምፒዩተር።»

መጀመሪያ ነካሁ፣ ሁሉም የሚያየውን፣
ማስተካከያ ተብሎ ፊት ለፊት ያለውን፤
ፊደል ማጉያ አለው፣ ቀለም መቀየሪያ፣
እንደ ሆቴል ሳሎን፣ የእንግዳ መቀበያ።
አልበቃም። የሕጉ ገጽ እምቢ አለ እንደ በቅሎ፣
ፊደሉን ባጎላው መሥመሩ ተጣጥሎ።

የነገሥታቱ ግቢ አሥራ ሁለት በር አለው፣
ቲኬት የሚቆረጠው በአንዱ ብቻ ነው።
በተዝካሮ በር ማን ገባ? በርግብ በርስ ማን?
የተዘጋ በር እንኳ ስም ነበረው ያን ዘመን።
ይህም እንደዚያ ነው፤ አድራሻ መጻፊያው ላይ
አንድ ቃል ይጻፋል፣ በሩ ይከፈታል ከየትም ሳይታይ።

«አባውት» ብዬ ጻፍሁ፣ ሁለት ነጥብ አከልሁ፣
«ኮንፊግ» ብዬ ደገምሁ፣ አስገባን ተጫንሁ።

«ቆይ!» አሉ። ጣታቸው መስኮቱን ነካ።
«ይህን ሁለት ነጥብ እኔ አውቀዋለሁ ለካ!
በየቃሉ መካከል አሥር ሺህ ጊዜ የተከልሁት፣
የዛሬ ልጆች ናችሁ በባዶ የተካችሁት።
ሞተ ብዬ ነበር፤ እዚህ ነው የገባው?
በር ጠባቂ ሆኖ ነው ወይ የተቀጠረው?»

ማስጠንቀቂያ መጣ፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን፦
ተጠንቅቀህ ግባ፣ ትጎዳለህ ደኅንነትህን።
«አደጋውን ተቀብዬ እቀጥላለሁ» የሚለውን
ሳነብላቸው ሳቁ፦ «እኔስ ስንቱን፣ ስንቱን
ባለጉዳይ አስፈረምሁት ይህን የመሰለ ቃል!
ሳያነብ ያልፋል ሁሉ፤ አንቺስ አንብበሻል?»

እውነቱን ለመናገር፣ አላነበብሁም ነበር።

ከዚያ ተዘረገፈ፤ ስም ከስም በነጥብ የተያያዘ፣
እንደ ትውልድ ሐረግ የአያት ስም የያዘ፤
በስተቀኙ አንድ ቃል፦ እውነት። ወይም፦ ሐሰት።
ሁለቴ ጠቅ ካሉት ይቀያየራሉ ቤት።

ጠቅ አደረግሁ። ሐሰት የነበረው እውነት ሆነ።
አቶ አዛናው ዝም። መነጽሩ በትንፋሽ ተሸፈነ።
«በይ መልሺው» አሉ። መለስሁት። «ድገሚው።»
ደገምሁ። «አርባ ዓመት…» አሉ። ቃሉን ጉሮሯቸው ያዘው።

ለአንዲት እውነት ሰባት ምስክር ሲቆጠር፣
ቀጠሮ ቀጠሮ ሲወልድ፣ ሲያድር፣ ሲከርም የነበር፣
እዚህ ግን በአንድ ጣት፤ ዳኛ የለ፣ ጠበቃ፣
ችሎት ሳይሰየም፣ ሳይባል «ይበቃ»።

ሥራው ግን ቀላል ነው፤ ትንሹን ፊደል ከዐሥር
ወደ ሃያ ሁለት፤ ገጹ የራሱን ቀለም እንዳይጭን ማሰር።

ልክ ሃያ ሁለት ብዬ ስጨርስ፣ መብራት ሄደ።
ከግድግዳው ማዶ ሰዓት ሠሪው ክብሪት ጫረ፣ ሻማው ነደደ።

«ጠፋ ማለት ነው?» አሉ። «አይጠፋም» አልኋቸው፣
«የተነካው መሥመር ይደምቃል፤ ጎኑ ላይ ቀስት አለው።»
«ወደ ጥንቱ የሚመልስ?» «አዎ።» «ለሁሉም?» «ለሁሉም።»
«አንዲት ማመልከቻ… የአዘዞዋ…» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ አቃስቶ ተነሣ፤
ኖራው ብራና ሆኗል፤ ወፍሯል ያ ፊደል የከሳ።
የይርጋውን አንቀጽ ጮክ ብለው አነበቡ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፤ ደግሞ ገጹን ወደ ላይ ሳቡ።
ዓመቱን በጣታቸው ቆጠሩ።
ምንም አላሉኝም።

ሃምሳ ብር አወጡ። አልቀበል አልኋቸው።
ጃንጥላ ዘርግተው፣ ደጅ ላይ ቆም ብለው፦
«ሌላውን እንዳሻሽ፣ አገላብጪው፣ ቀይሪው፤
ያን ሁለት ነጥብ ግን፣ አደራ፣ እንዳትነኪው።»